ስድሳ ሦስት ቀን ያለ ቢራቢሮ

በሰፈሩ ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ካለ ወይ ፖስተኛው ነው ወይ ልጇ ነው። ሌላው ሁሉ እትዬ ሀሎ ይላታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስልክ ቤት ተቀምጣ፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ ገመድ ከአንዱ ቀዳዳ እየነቀለች ሌላው ላይ እየሰካች ሰውን ከሰው ስታገናኝ የኖረች ሴት ሌላ ምን ትባል? ጡረታ ከወጣች በኋላ እንኳ በሯ ሲንኳኳ "ሀሎ!" እንጂ "ማነው?" አትልም። ሰፈሩ መጀመሪያ ሳቀባት፣ ኋላ ለመደው፣ ቆይቶ ስም አወጣላት።

ከስልክ ቤት ይዛ የወጣችው ንብረት ጆሮዋ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሷ ጆሮ ግን ባዳ ሆኖባት አያውቅም። ደዋዩ ቁጥሩን ከመናገሩ በፊት በትንፋሹ ብቻ ማን እንደሆነና ለማን እንደሚደውል የምታውቅበት ጊዜ ነበር። ባልና ሚስት ተጣልተው እንደሆነ ከሚባባሉት "እሺ" ብቻ ትለያለች። ይህን ሁሉ ሰምታ ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ የዚያ ሥራ ጨዋነቱ እሱ ነው።

ዓይኗ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ዓይኗ ከዓመት በፊት ከዳት፣ ያውም በተንኮል። አንድ ጊዜ ድርግም ቢል ሰው ያውቅላት ነበር፣ እሷም አልቅሳ ይወጣላት ነበር። እሱ ግን ከመሃል ጀመረ። የምታየው ነገር ሁሉ እምብርቱ ላይ ጭጋግ ተቀመጠበትና ዳር ዳሩ ብቻ ቀረላት። መንገዱን ታያለች፣ በመንገዱ የሚመጣውን ሰው ፊት አታይም። ግድግዳውን ታያለች፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰዓት አታይም። ስለዚህ ሳትደናቀፍ ትሄዳለች፤ ሰው ሰላም ሲላት በድምፁ ለይታ፣ ልጁንና ጉልበቱን ጠይቃ ታልፋለች። ሰላምታ የሚቀድማት ሰው እስካለ ድረስ ማንም አላወቀባትም። እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው።

አንድ ሰው ግን ጠርጥሯል። አንድያ ልጇ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ይጠይቃታል። አንድ ቅዳሜ ሻይ ስትቀዳለት ከኩባያው ጎን ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰችው። ሳቅ ብላ "እጄ ተንቀጠቀጠ" አለች። እሱ አልሳቀም።

"እማዬ፣ ዓይንሽ ደክሟል።"

"ያደከመኝስ ያንተ ወሬ ነው።"

"ቀልዱን ተይው። ከእኛ ጋር ነው የምትኖሪው። ክፍሉ ተዘጋጅቷል፣ አልጋውም ገብቷል። በወሩ መጨረሻ የጓደኛዬን ፒካፕ ይዤ መጥቼ ዕቃሽን እጭነዋለሁ።"

ክፉ ልጅ አይደለም። የሚናገረውም በፍቅር ነው፤ እሷም ይህን ታውቃለች። የልጇ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት ጊዜ ሄዳ አድራለች። ደረጃው ስንት እንደሆነ አታውቅም፣ ማብሪያው የት እንዳለ አታውቅም፣ ግድግዳው ወዲያ የሚያስለው ሰው ማን እንደሆነ አታውቅም። እዚህ፣ ከባሏ ጋር በገባችበት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ የትኛው ጣውላ እንደሚጮህ፣ ቧንቧው ከበሩ ስንት እርምጃ እንደሆነ እጇም እግሯም ያውቁታል። እዚያ ዓይነ ስውር ናት፣ እዚህ እትዬ ሀሎ ናት። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ ቤት ከወጣች የምትሆነውን ታውቃለች፣ ደግሞም ፈርታዋለች።

በዚያው ሳምንት በሩ ተንኳኳ።

"ሀሎ!"

"ከግብርና ቢሮ ነው የመጣሁት፣ እትዬ" አለ አንድ ቀጭን የወጣት ድምፅ። ወረቀት ያገላብጣል፤ ከዚያ በኋላም ባገኘችው ቁጥር ወረቀት እንዳገላበጠ ነው። እሷ በሆዷ አቶ ፎርም አለችው።

ከቤቷ ጀርባ ባቡር መሄድ ካቆመበት ብዙ ዓመት የሆነው የድሮ ሐዲድ አለ። ሐዲዱ ተነቅሎ ተወስዷል፤ በቦታው ኮሸሽላ በቅሎበታል፣ ያውም ከሰው ወገብ በላይ። ዘንጉ እሾህ፣ ቅጠሉ እሾህ፣ አበባው የታቀፈበት ኳስ ራሱ እሾህ። ከሐዲዱ በታች አትክልተኞች ዱባና ኪያር ያለማሉ። እነሱ ኮሸሽላው ይጨፍጨፍልን ብለው አመልክተዋል፤ ፍሬው በጥጡ እየበረረ መደባቸው ላይ ያርፋልና ሲነቅሉት እጃቸው አለቀ። አቶ ፎርም ደግሞ ሌላ ሐሳብ አለው። ኮሸሽላው ላይ የሚውሉት ነፍሳት ናቸው ወርደው የዱባውን ብናኝ ከአበባ አበባ የሚያደርሱት፤ ኮሸሽላው ቢጨፈጨፍ ዱባው አብቦ ይቀራል ባይ ነው። ሐሳብ ብቻውን ግን ለቢሮ አይበቃም፣ ቁጥር ያስፈልጋል። ቁጥር ደግሞ ቆጣሪ ይፈልጋል። በከተማው ዙሪያ አምስት ቦታ መርጧል፤ ለአራቱ ሰው አግኝቷል።

"ከባድ ሥራ አይደለም፣ እትዬ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ደቂቃ። ገመድ የከለልኩበት ውስጥ አበባው ላይ ያረፈውን መቁጠር ነው። ዓይን እንጂ ሌላ ምንም አይፈልግም።"

እትዬ ሀሎ አንድ አፍታ አላሰበችም። "እችላለሁ" አለች። ዓይን አውጣ ማለት እንዲህ ነው።

ቅዳሜ ልጇ ሲመጣ ኮቱን ሳያወልቅ ነገረችው። "መንግሥት ቀጥሮኛል።"

"ለምን ሥራ?"

"ለማየት።"

ልጁ ሳቀ፤ ኋላ ከምሯ መሆኑን ሲሰማ ኮቱን አወለቀና ተቀመጠ። ግብርና ቢሮ ለማየት የቀጠራትን ሴት ዓይንሽ ደክሟል ብሎ ፒካፕ የሚያመጣው በየትኛው ወኔ ነው? "እስቲ እናያለን። ቆጠራው እስኪያልቅ" አለና ተወው። እሷም "ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አንዲት ዝንብ አታመልጠኝም" ብላ ማለች፤ ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ምን ብላ እንደማለች ገባትና ምራቋን ዋጠች።

እንዴት እንደቆጠረች ልንገራችሁ። በርጩማዋን ከገመዱ አንድ እርምጃ ላይ ታደርጋለች። ጭኗ ላይ አንድ ትልቅ ሳህን፣ በግራ እጇ የእህል ከረጢት። የደወል ሰዓቱን አሥራ አምስት ደቂቃ ላይ ትሞላውና ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ክፍት ሲሆን የማይረባ ዳር ዳሩን እያሳየ ያታልላታል እንጂ አይጠቅማትም። ከዚያ ታዳምጣለች። ነፍሳት ሲበር ይጮሃል፣ ሲያርፍ ዝም ይላል። ድምፁ ገመዱ ውስጥ ከተቋረጠ አንድ አረፈ ማለት ነው፤ አንድ ፍሬ ሳህኑ ላይ ትጥላለች።

የሚጠባውን ለመለየት ሁለት ቀን አልፈጀባትም። የማር ንብ ድምፅ እኩል ነው፤ የከተማ መስመር አለቻት፣ ለእሷ ሽምብራ ትጥላለች። ትልቋ ጥቁር ንብ ወፍራም፣ የሚያጓራ ድምፅ ያላት ናት፤ ስታርፍ ዘንጉ ጎንበስ ብሎ ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። እሷ የሩቅ መስመር ናት፣ ባቄላ ይጣልላታል። ተርብ ደረቅ ነው፣ እንደ ተቆጣ ሰው ያፏጫል፣ በቆሎ። ዝንብ ደግሞ አየር ላይ ቆም ይላል፣ ይነካል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ቁጥር ተሳስቶ ደጋግሞ የሚደውል ሰው አይታችሁ እንደሆነ እሱን ነው። ምስር ትጥልለታለች። ደወሉ ሲጮህ እህሉን በጣቷ እየለየች ትቆጥራለች። ነፋስ ካለ አትቆጥርም። አውቶቡስ ካለፈም አቋርጣ ትጠብቃለች፣ የልጇም ቢሆን።

ወረቀት አልያዘችም። ለአቶ ፎርም "እኔ የስልክ ሰው ነኝ፣ በስልክ ነው የማስመዘግበው" አለችው። አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትደውላለች፤ እሱ በዚያ በኩል ይጽፋል። የመጀመሪያው ቀን ደስ ብሏት ነበር።

"የማር ንብ?"

"መቶ አርባ ሁለት።"

"ትልቋ ጥቁር ንብ?"

"ሃያ ዘጠኝ።"

"ዝንብ? ተርብ?" ነገረችው። "ቢራቢሮ?"

እዚህ ላይ ቆመች። ቢራቢሮን ጨርሶ አላሰበችውም ነበር። ቢራቢሮ ድምፅ የለውም። ዓይኗን ገለጥ ስታደርግ በጠርዙ አንድ ነጭ ነገር ብልጭ ይል ነበር፤ ግን ካለፈው ዓመት አበባ የቀረው የኮሸሽላ ጥጥም ነጭ ነው፣ እሱም ይበራል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ማን ይንገራት?

"ሀሎ? እትዬ? ቢራቢሮ?"

"ዜሮ" አለች።

የመጀመሪያውን ዜሮ በድንጋጤ ነው ያለችው፣ የሁለተኛውን በሐፍረት፤ ከሦስተኛው በኋላ ልማድ ሆነ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ያለው ሰው እውነቱን ነው።

እሱ የቀለላትን ያህል ቀኖቹም ቀለሉላት። እኔን ብትጠይቁኝ ከጡረታዋ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሏት የከረመችበት ጊዜ የለም። ኮሸሽላውን ለመደችው። አቶ ፎርም በስልክ እንዳስረዳት አንዱ የኮሸሽላ ራስ አንድ አበባ አይደለም፤ አንድ ላይ የታጨቁ ብዙ ትናንሽ አበቦች ናቸው፤ የሚከፈቱትም ከዳር ጀምረው ወደ መሃል ነው። ንቧ ዳሩን እየዞረች ትጠባለች፣ በማግስቱ ስትመለስ ቀለበቱ ጠብቧል፣ በሦስተኛው ቀን መሃሉ ላይ ትቆማለች። እትዬ ሀሎ ይህን አስደግማ ሰማችው። የእሷ ዓይን የሄደው ከመሃል ወደ ዳር ነበርና ነገሩ ቢገርማት አይፈረድባትም። በማግስቱ ጓንት አድርጋ ሄዳ አንዱን ራስ በጣቷ ጫፍ ነካችው። ዳሩ ለስላሳ፣ መሃሉ ገና ጥብቅ ያለ ነበር። ጓንቱን አልፎ እሾሁ ወጋት፤ ሰድባው ተመለሰች።

ከአጥሩ በታች የዱባው ሰውዬ አለ። ሃያ ዓመት ጎረቤቷ ነው፤ ኮሸሽላውን ጠዋት ተነስቶ ሳይራገም ሥራ አይጀምርም። "እትዬ ሀሎ፣ ይሄን እሾህ አስተምረሽ ልትድሪው ነው?" እያለ ያሾፍባታል። "አንተን ከዳሩህ እሱ አይቅርበት" ትለዋለች። እየተሳደበም ዱባ ሲደርስለት የመጀመሪያውን አጥሩ ላይ አስቀምጦላት ይሄዳል።

ዘጠኝ ሳምንት እንዲህ አለፈ።

ስድሳ አራተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ተከድኗል። ልጇ መጥቶ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጧል፤ እሷ ድንች ትልጣለች። በሩ ተንኳኳ።

"ሀሎ!"

አቶ ፎርም ነው። ድምፁ ዛሬ ከወትሮው ፈጥኗል። ወንበር እስኪሰጠው አልጠበቀም፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

"እትዬ፣ የርስዎ ቆጠራ ትልቅ ነገር አወጣ! አራቱን ቦታ ይስሙልኝ። አንዱ ቢራቢሮ በቀን አሥራ አራት፣ አንዱ ሃያ፣ አንዱ ዘጠኝ፣ አንዱ ሃያ ሦስት። የርስዎ ስድሳ ሦስት ቀን ሙሉ ዜሮ! አሁን ስመጣ እኔም ሐዲዱ ላይ ቆሜ አየሁ፣ አንድም የለም። ከታች ያሉት አትክልተኞች መድኃኒት ይረጫሉ ማለት ነው፣ የማይፈቀደውን።"

"መድኃኒት?" አለች እትዬ ሀሎ። ድንቹን አስቀመጠች።

"ሌላ ምን ይሆናል? ደብዳቤውን ጽፌዋለሁ። ሰኞ ይወጣል። እስኪጣራ ድረስ መሬቱን እንዳይነኩ፣ ምርቱንም ገበያ እንዳያወጡ ይላል። ሦስት ወር አራት ወር ይፈጅ ይሆናል።"

ልጇ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። ስታዳምጠው ጣቱን በመስመሮቹ ላይ ያስኬዳል። "ይሄን ሁሉ እማዬ ናት የቆጠረችው?" አለ። "አንድ ቀን እንኳ ሳትዘል?" ከዚያ ሳቀ፣ በራሱ ላይ ነው የሳቀው። "እኔ እኮ ዓይኗ ደክሟል እያልኩ ላስቸግራት ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እማዬ። ፒካፑን ተይው።"

ልብ በሉ። ዓመት ሙሉ የፈለገችው ቃል ይህ ነበር። መጣላት፣ ያውም ሳትጠይቅ። ማንም አልነቃባትም፤ ዝም ብላ ድንቿን ብትልጥ ቤቷ ቤቷ ነው። ሰማዩ ሲደምን ቢራቢሮ ክንፉን አጥፎ ሣር ውስጥ እንደሚደበቅ አቶ ፎርም ራሱ ነው በስልክ የነገራት፤ በደስታው ረስቶታል።

ስልክ ቤት ሳለች አዲስ የሚቀጠሩትን ልጆች የምታሠለጥነው እሷ ነበረች። ከሁሉ በፊት የምታስተምራቸው አንድ ነገር ነው። ተደውሎ የሚያነሳ ሲጠፋ ለደዋዩ የሚባለው "አይነሳም" ነው፤ "የለም" አይባልም። "የለም" ቁጥሩ ከነጭራሹ ሲጠፋ ነው። አንዲት ልጅ ቸኩላ አንዱን ሰውዬ "የለም" ብላው ሰውየው ወንድሜ ሞቷል ብሎ በዚያው ሌሊት ተነስቶ የሁለት ቀን መንገድ ሄደ፤ ወንድምየው ገበያ ወጥቶ ነበር። እትዬ ሀሎ ያችን ልጅ በሁሉም ፊት አስለቅሳታለች። "አይነሳም ማለት ሽንፈት አይደለም፣ የማታውቂውን የለም ማለት ግን ነውር ነው" ብላታለች። አሁን ስድሳ ሦስት ጊዜ የለም ያለችው ራሷ ናት። ፊቷ ጋለ፣ እጇ ላይ የድንቹ ውሃ ደረቀ።

"ልጄ፣ ደብዳቤውን አትላከው" አለች።

"ለምን፣ እትዬ?"

"ቢራቢሮ ድምፅ የለውም።"

ወረቀቱ መገላበጡን አቆመ።

"አልገባኝም" አለ አቶ ፎርም።

"የሰጠሁህን ሁሉ የቆጠርኩት በጆሮዬ ነው። ንቧን፣ ጥቁሯን፣ ዝንቡን፣ ተርቡን፣ ሁሉንም በጆሮዬ። ዓይኔ መሃሉ ጠፍቶብኛል፣ ዓመት አልፎታል። ቢራቢሮ ይኑር አይኑር እኔ አላውቅም። ዜሮ ያልኩህ አይታየኝም ማለት አፍሬ ነው።" ትንፋሿን ሳበች። "የዱባው ሰውዬ ከእርግማን በቀር እዚያ ሜዳ ላይ ሲረጭ የሰማሁት ነገር የለም።"

የልጇ ወንበር ወደ ኋላ ተገፋ። እግሩ ወደ ውስጠኛው ክፍል ሲሄድ ሰማችው።

አቶ ፎርም ደንግጧል፤ የደነገጠው ለራሱ ነው፣ አይፈረድበትም። "ዘጠኝ ሳምንት! ንቡስ? ንቡንም ልጣለው?"

"ና ውጣ" አለችው። ከረጢቷንና ሳህኗን ይዛ ወጣች። በርጩማዋን አዙራ ጀርባዋን ለኮሸሽላው ሰጠች። "አንተ በዓይንህ ቁጠር፣ እኔ በጆሮዬ። ደወሉን አንተ ሙላው።"

ደመናውን ቢራቢሮ ይፈራዋል እንጂ ንብ ግድ የላትም። አሥራ አምስት ደቂቃ ቆጠሩ። ደወሉ ሲጮህ እሱ የማር ንብ ሃያ አንድ አለ፣ እሷ ሃያ ሁለት ሽምብራ አላት። "አንዷ ከትልቁ ራስ በስተጀርባ ነው ያረፈችው፣ ከዚያ በኩል ተነሳች" አለችው። ዞሮ አየ፤ እውነትም እሱ ከቆመበት የዚያ ራስ ጀርባ አይታይም። ጥቁሯ ላይ ተስማሙ፤ ተርብ የሚባል አልመጣም። ዝንቡ ላይ እሱ ስምንት፣ እሷ አምስት፤ ሦስት ዝንብ አምልጧታል። በቢራቢሮው ዋሽታ ይሆናል፣ አሁን ግን አልዋሸችም፤ "አምስት ነው የሰማሁት" አለችና ተወችው።

"አለቃዬን ማሳመን አለብኝ" አለ አቶ ፎርም። "ንቡን ይቀበል ይሆናል፣ ሁሉንም ጣለው ሊለኝም ይችላል። ቃል አልገባልዎትም።"

"ይጣል። ሰውየው ዱባውን ይሽጥ። ዜሮዎቹን ግን አሁን ሰርዛቸው፣ እኔ እየሰማሁ።"

"ቢሮ ስገባ…"

"አሁን።"

ጉልበቱ ላይ ወረቀቱን ዘርግቶ ጀመረ። እስክሪብቶው በየዜሮው ላይ ይጫራል፣ አጠገቡ አጭር ሰረዝ ያሰምራል። እሷ በሆዷ ትቆጥራለች። ስድሳ ላይ ሲደርስ እጁን ሊያሳርፍ ቆመ፤ "ሦስት ይቀራል" አለችው። ጨርሶ ደብዳቤውን አራት አድርጎ አጠፈና ኪሱ ከተተ፣ ሰላም ብሏት በሐዲዱ በኩል ሄደ።

ልጇ ገና ከውስጥ አልወጣም። በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ሰማችው። ቁም ሣጥኑን ከፈተ። ቆርቆሮ አነሳ፤ ስኳሩ ላይ ላስቲክ ታስሯል፣ ጨው ላይ አልታሰረም፤ ላስቲኩን ሳብ አድርጎ ሲለቀው ጧ አለ። የመድኃኒት ጠርሙሶቿን አንድ በአንድ አነሳ፤ የጠዋቱ ክዳን ላይ አንድ፣ የማታው ላይ ሁለት በቢላ የተፋቀ ምልክት አለ። የምድጃውን ማዞሪያ ነካ፤ ማጥፊያው ጋ ለምልክት የለጠፈችውን የሸሚዝ ቁልፍ አገኘው መሰለኝ፣ እዚያ ብዙ ቆየ። የገዛ ጓዳዋን እንግዳ የፈተሸባት ያህል ተሸማቀቀች። ፈርታም ነበር፣ አሁን የሚለውን ታውቀዋለች።

ወጥቶ ከፊቷ ቆመ።

"ይሄ ሲባጎ ምንድነው?"

"የቱ?"

"ከበሩ እስከ ቧንቧው የተወጠረው።"

"ሲመሽ ዳር ዳሩም አይታየኝም። እሱን ይዤ ነው የምሄደው።"

"መቼ አሰርሽው?"

"አምና።"

"አምና ሙሉ በየቅዳሜው እዚህ ነበርኩ። ልብስ ማስጫ መስሎኝ…" ድምፁ ተሰበረ። "ኮቴን አስጥቼበታለሁ፣ እማዬ።"

"አውቃለሁ። እርጥብ ነበር። ፊቴን መታኝ።"

ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። መሬቱ ላይ ተቀመጠ፤ የሱሪው ጉልበት ሲወጠር ሰማችው።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ትወስደኛለህ ብዬ ነዋ።"

"እወስድሽ ነበር" አለ። "ቤቱን አየሁት። እኔ እንኳ ቤቴን እንደዚህ አላውቀውም። ፒካፑ አይመጣም። ሐኪም ግን ትታያለሽ፣ ረቡዕ እኔ ራሴ እወስድሻለሁ። ከእንግዲህ ደግሞ ምንም አትደብቂኝም።"

"እሺ" አለች። እንባዋ ወረደ፣ አላበሰችውም። ያስለቀሳት ቤቱ ብቻ አይደለም። አንድ ዓመት ሙሉ ልጇ በሳምንት አንድ ቀን ከፊቷ ሲቀመጥ፣ የምታይ እናት ልትጠይቀው የማይገባ አንድ ጥያቄ ይዛ ኖራለች። የምታይ እናት እንዲህ ያለውን አትጠይቅም፣ ታየዋለቻ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ።"

"ጠይቂኝ።"

"ሸብተሃል?"

ፀጉሩን በእጁ ሲያሻሽ ሰማችው።

"ጎን ጎኑን" አለ። "ግራው ይብሳል። ጢሜም ላይ ጀምሯል።"

"አባትህም በዚህ ዕድሜው ነው የጀመረው።"

ተነስቶ ቀረባትና እጇ እንዲደርስ ጎንበስ አለላት። ሽበት በእጅ አይታወቅም። እሷ ግን ግራውንም ቀኙንም ዳሰሰችው፣ ሳትቸኩል።